ራሱ በርቶ ራሱ የሚጠፋ መብራት

ፊኒክስ፣ አሪዞና
ኦክቶበር 20 ቀን 2013

ለተከበሩ አክስቴ ቴክላ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ሙቀቱ ገና አልለቀቀንም። እናንተ ዘንድ ግን በረዶው ሳይጀምር አይቀርም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከወንበር ላይ መውደቅዎን የሰማሁት ከፖስታ ቤቷ ከሊዳ ነው። እርስዎ በሴፕቴምበር ሲጽፉልኝ ስለ ድንች ምርትዎ ሁለት ገጽ ሞልተው፣ ክንድዎ ከትከሻ እስከ ክርን በልዞ እንደነበር ግን አንዲት መስመር አልጻፉም። የወጥ ቤቱን አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ በርጩማ ደርበው መውጣት፣ ያውም በሰባ ስምንት ዓመትዎ!

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ቢቆጡም እናገራለሁ። ያን ሰፊ ቤት ይዘው ብቻዎን መኖርዎ እንቅልፍ ነስቶኛል። ዶፊን ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት ስምዎን አስመዝግቤያለሁ፤ ተራው በኤፕሪል ይደርሳል ብለውኛል። ሳልጠይቅዎ ማድረጌን አውቃለሁ።

ሌላም መንገድ አለ። እኔ ጥገናውን በምመራበት ሆቴል ባለፈው ዓመት አራት ሺህ አምፖል አውጥተን በኤልኢዲ ተክተናል። ከዚያ ወዲህ አምፖል ሊቀይር መሰላል የወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የድሮው አምፖል ስልሳ ዋት በልቶ የሚሰጠውን ብርሃን ኤልኢዲ በአሥር ዋት ይሰጣል። በቀን ጥቂት ሰዓት ለሚበራ ቤት ሃያ ዓመት ይሠራል። ዋጋው ይወደዳል፣ እሱን ግን ለእኔ ይተዉት። ቤቱ በሙሉ ከተቀየረና ወንበር ላይ መውጣት ከቀረ፣ የኤፕሪሉን ነገር እንደገና እናስብበታለን።

ዓይኔን ጨፍኜ ክፍል በክፍል እየዞርኩ አምፖሎቹን ቆጠርኳቸው። የፓምፕ ቤቷን ጨምሮ ሃያ ሦስት ናቸው። ተሳስቼ ይሆን?

አክባሪዎ ልጅዎ
ኦረስት


ኤተልበርት፣ ማኒቶባ
ኖቬምበር 4 ቀን 2013

ለልጄ ለኦረስት፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ለክብሩ ምስጋና ይድረሰውና ደህና ነኝ። ክንዴ ከጥቁር ወደ ቢጫ ተሸጋግሮ አሁን ወደ ራሱ መልክ እየተመለሰ ነው። ሊዳን አናግሬያታለሁ፤ ቴምብርሽን ሽጪ እንጂ የሰው ክንድ አትቁጠሪ አልኳት። ሳቀች፤ ነገ ደግሞ ትነግርሃለች።

አንተም ደውለህ ነበር። ስልክ ለሞትና ለመኪና አደጋ ነው፤ ደህና የሆነ ሰው ይጽፋል። ይህን ከልጅነትህ ጀምሮ ነግሬሃለሁ።

ስሜን ስላስመዘገብክበት ቤት ብዙ አልጽፍም፤ ብጽፍ እሳደባለሁ። እዚያ ቤት እራት የሚበላው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ተኩል ነው፣ መስኮቱም አይከፈትም። የእኔ ላሞች እንኳ እንደዚያ በጊዜ በረት ገብተው አያውቁም። እዚህ ቤት የገባሁት ሙሽራ ሆኜ ነው። ከዚህ የምወጣው ደግሞ አንተ በጻፍከው ቀጠሮ አይደለም።

አምፖሎቹን ሃያ ሦስት ማለትህ ልክ ነው፤ ማስታወስህ ደስ ብሎኛል። በአንዷ ግን ስተሃል። የፓምፕ ቤቷ አምፖል ለመብራት አይደለችም። እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ማን ቁጭ ብሎ ሊያነብ ነው? ያቺ መቶ ዋት ከቧንቧው አጠገብ የተሰቀለችው እንድታሞቀው ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳትጠፋ የምትከርመው ውሃው እንዳይረጋብን ነው። አንተው ራስህ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄድህ በፊት በበሯ ስንጥቅ አይተህ «በርታለች» ብለህ ትነግረኝ ነበር። በረሃ መኖር እንዲህ ያስረሳል? ያንተ አምፖል አይሞቅም ይባላል። እሱን እዚያ ብሰቅል በጃንዋሪ በረዶ አቅልጬ ልጠጣ ነው። መንግሥት ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ መቶ ዋቱን ሊያስቀር ነው ሲሉ ሰምቼ ስምንት ገዝቻለሁ፤ መሳቢያ ውስጥ ከካልሲዎቼ ጋር ተኝተዋል።

እንግዲህ ሃያ ሁለት ላክ። መቀየሩ ቤቴ የሚያስቀምጠኝ ከሆነ እቀይራለሁ። የሚሰቅልልኝ ዋሲል ነው፤ ከማዶ ያለው፣ የምታውቀው። እሱ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ መቼም እሱ ከወንበር ቢወድቅ ልጁ አታስመዘግበውም።

አክስትህ ቴክላ


ፊኒክስ፣ አሪዞና
ኖቬምበር 19 ቀን 2013

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። የልጆቹ ሰላምታም አብሮ ነው። ስለ ፓምፕ ቤቷ አፍሬያለሁ። ደብዳቤዎን ለባለቤቴ ሳነብላት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ግን ብዙም አልሳቅኩም፤ ያቺን ስንጥቅ እንዴት እንደረሳኋት ገርሞኛል።

ዕቃው ዛሬ በፖስታ ተልኳል። ለሳሎኑና ለመኝታ ቤቱ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጡትን መርጫለሁ፣ ለወጥ ቤቱና ለመታጠቢያው ነጩን። በካርቶኑ ላይ ጽፌባቸዋለሁ፣ እንዳይደባለቁ።

ለግቢዎ ምሰሶ ደግሞ ለየት ያለ ልኬያለሁ። ብርሃን የምታይ ትንሽ ዓይን አለችው፤ ሲጨልም ራሱ ይበራል፣ ሲነጋ ራሱ ይጠፋል። ማታና ጠዋት በዚያ ብርድ ወደ በሩ መመላለስ ቀረልዎት ማለት ነው። ማብሪያውን አንዴ ያብሩትና ማንም እንዳይነካው ላዩ ላይ ፕላስተር ይለጥፉበት። እንደነገሩ ከተነካ ሥራውን አይሠራም። የሚሸጠው ጥንድ ጥንድ ስለሆነ ሁለት ናቸው፤ አንዱን ለሚያስፈልገው ሰው ይስጡት።

የኤፕሪሉን ምዝገባ አልሰረዝኩም። ሁሉም ተሰቅሎ አልቆ ከሰማሁ በኋላ እናያለን። ይህን የምለው ልጨክንብዎ አይደለም።

አክባሪዎ
ኦረስት


ኤተልበርት
ዲሴምበር 10 ቀን 2013

ለልጄ ለኦረስት፣

እንደምን አላችሁ? ዕቃው ደረሰ፣ አንድም አልተሰበረም። ዋሲል ሁለት ቀን ሙሉ ሲሰቅል እኔ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። እሱ ከላይ ሆኖ የፖለቲካ ወሬ ያወራል፣ እኔ ከታች ሆኜ እግሩን እቆጣለሁ። ተሰቅሎ አለቀ፤ ለሆቴልህ እንደምትጽፈው ጻፍ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጥሩም መጥፎም አለው። ጋዜጣውን ሳሎን ቁጭ ብዬ ያለ አጉሊ መነጽር አነበብኩ፤ ይህን ካደረግሁ ስንት ዓመቴ ነው። ለዚህ ብቻ እመርቅሃለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ ግን ፊቴን አሳየኝ። ባያሳየኝ ይሻል ነበር። ወጥ ቤቱ ሲበራ ሬዲዮዬ እንደሚጠበስ ነገር ይንጫረራል፤ ስለዚህ የቅዳሜውን የዘፈን ሰዓት መብራት አጥፍቼ ነው የምሰማው። ድመቷ ደግሞ ከማንበቢያው መብራት ሥር ተነስታ ምድጃው ጋ ገብታለች፣ ሙቀቱ ስለሌለ ተቀይማሃለች።

ስለ ግቢው መብራት ምን ልበልህ። ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። እንዳልከኝ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ብርሃኑ ከድሮው በጣም ይደምቃል።

ሁለተኛውን ለዋሲል ሰጠሁት። ቤቱ ሄጄ ሲሰቅል አየሁ፣ ፕላስተሩንም በእጄ ለጠፍኩለት። ማብሪያውን ትንሽ ሲያይ ቆየና «ጠዋት ጠዋት አንድ ሥራ ነበረችኝ፣ እሷንም ነጠቅሽኝ» አለኝ። እየቀለደ ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

እስቲ አሁን ያንን ምዝገባ ሰርዝልኝ።

አክስትህ ቴክላ


ፊኒክስ፣ አሪዞና
ጃንዋሪ 2 ቀን 2014

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለገናችን አደረሰዎ። እኛ እዚህ ከሰፈሩ ጋር በዲሴምበር ብናከብርም በጃንዋሪ ስድስት የሚውለውን የእርስዎን የገና ዋዜማ አልረሳሁም። ልጆቹ በስንዴ፣ በማርና በፖፒ ፍሬ የሚሠራውን ያንን ምግብ በስሙ እንኳ አያውቁትም፤ ዘንድሮ እኔው ልሠራ አስቤ ስንዴውን አሳርሬዋለሁ።

ቤቱ በመቀየሩ ደስታዬ ወሰን የለውም። የዲሴምበሩ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ቁጥሩን ይጻፉልኝ፣ ከአምናው ጋር ላስተያየው። ለሥራ ባልደረቦቼ ጭምር አወራሁላቸው።

ምዝገባውን ግን ገና አልሰረዝኩም። አይቆጡ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱልኝ። የአምፖሉ ሥራ አልቋል፣ ወንበሩም ቀርቷል እንበል። አንድ ጠዋት ምድር ቤት ወይም በረት ውስጥ ቢወድቁስ? ስልክ አያነሱም፣ ደብዳቤ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። መውደቅዎን ማን ያውቃል? ይህን ከመለሱልኝ በማግስቱ ደውዬ አሰርዛለሁ።

አክባሪዎ
ኦረስት


ኤተልበርት
ጃንዋሪ 9 ቀን 2014

ለልጄ ለኦረስት፣

ለአንተም እንኳን አደረሰህ። ስንዴ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል እንጂ እንደ ሩዝ ዝም ብሎ አይጣድም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ያዝ።

የመብራት ሂሳቡ ከአምናው በአሥራ አራት ዶላር ቀንሷል። ምድጃው የበላውን እንጨት ግን አልቆጠርክም። አምፖሎቹ ሳሎኑን ያሞቁት እንደነበር ያወቅሁት አሁን ነው።

የገና ዋዜማን ከዋሲል ጋር አሳለፍን። ሥጋ የሌለባቸውን አሥራ ሁለቱን ምግቦች ሠርቼ፣ ለሞቱት አንድ ሳህን ባዶውን አስቀምጬ፣ ማዕዱ የሚጀመርባትን የመጀመሪያዋን ኮከብ በመስኮት ስንጠብቅ የግቢው መብራት በራ። ወዲያው ከማዶ የእሱም በራ። ኮከቧን ማየት አቃተን። ዋሲል ወደ ቤቱ ተመለከተና «ሰው ያለበት ይመስላል» አለ። ከዚያ ቁጭ ብለን በላን።

መውደቄን ማን እንደሚያውቅ ጠይቀኸኛል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረኝ። አሁን ሌላ ነገር እንጻፍ። አሁን ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ነው፤ ፓምፕ ቤቷ በርታለች።

አክስትህ ቴክላ


ፊኒክስ፣ አሪዞና
ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2014

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? በጃንዋሪ ሃያ ለላክሁት ደብዳቤ መልስ አላገኘሁም። በዜና ላይ በአካባቢያችሁ ከባድ የበረዶ ማዕበል እንደነበር ሰምቻለሁ። ቧንቧው ደህና ነው? አምፖሎቹስ?

«መልስ ነበረኝ» ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ነበረኝ ማለት ምን ማለት ነው?

አክባሪዎ
ኦረስት


ፊኒክስ፣ አሪዞና
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2014

አክስቴ፣

አሁንም ዝም ብለውኛል። አራት ጊዜ ደወልኩ። ለሊዳም ደወልኩ፤ በሕይወት እንዳሉ፣ ቴምብር ገዝተው እንደሄዱ፣ ሌላውን ግን ራስዎ ቢነግሩኝ እንደሚሻል ነገረችኝ። ሊዳ እንዲህ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ፈራሁ።

ስለ ምዝገባው ተቀይመው ከሆነ ይቀየሙ፣ ግን ይጻፉ። ቦታው እስከ ማርች አሥራ አምስት ካልተረጋገጠ ለሌላ ይሰጣል። ከእርስዎ ቃል ካልሰማሁ አረጋግጣለሁ።

ኦረስት


ኤተልበርት
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2014

ለልጄ ለኦረስት፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ለቤትህም። ደብዳቤዎችህ ሦስቱም ደርሰውኛል። እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይህን አልቀድም።

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርህ። አጎትህ ፔትሮ ከሞተበት ክረምት ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገና በጨለማው ተነስቼ የግቢዬን መብራት አጠፋለሁ። ከዚያ በወጥ ቤቴ መስኮት ወደ ማዶ አያለሁ። የዋሲል መብራት ወይ ቀድሞኝ ጠፍቷል፣ ወይ እያየሁት ይጠፋል። ያኔ ሻዬን እጥዳለሁ። እሱም እንደሚያየኝ አውቃለሁ። አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎኝ ሳላጠፋ ብቀር፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በትራክተሩ መጥቶ «መዶሻዬን እዚህ ረስቼው እንደሆን» አለኝ። መዶሻ አልነበረም። እኔም ፈልጌ አጣሁት አልኩት። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

በዚህ ነገር አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሱ ሚስቱ ሞታበታለች፣ እኔ ባሌ ሞቶብኛል። እንዲህ ያለውን በቃል ካወጣነው ሌላ ነገር ይሆናል፣ ሰውም ያወራል። ዝም ስላልን ነው አሥራ አንድ ዓመት የቆየው።

ታዲያ ያንተ አምፖል ሲመጣ ምን ልበለው? «አትስቀለው፣ ጠዋት ጠዋት አይሃለሁና» ልበለው? አፈርኩ። አንተም ኤፕሪልን ይዘህብኛል። ስለዚህ የእኔንም የእሱንም ማብሪያ በፕላስተር አሸግሁ። እሱም አፍሮ ነው ዝም ያለኝ። ሥራዬን ነጠቅሽኝ ሲለኝ የሚናገረውን ሰምቼዋለሁ። እንዳልገባኝ ሆኜ ሳቅሁ።

በጃንዋሪ ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ቀትር ላይ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ገና አልወፈረም፣ ጨለማው ግን የመሸ ያስመስል ነበር። ሾርባ እያማሰልኩ የግቢዬ መብራት ራሱ በራ። ቀና ብዬ ወደ ማዶ ሳይ የዋሲልም በዚያችው ቅጽበት በራ። ሁለቱም እኩል። ማንኪያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እኔ አላበራሁም፤ ዋሲልም በቀትር መብራት የሚያበራ ሰው አይደለም። ማክሰኞ ማታ ሲበራ አይቼ፣ ረቡዕ ጠዋት ሲጠፋ አይቼ፣ ሐሙስ ጠዋትም አይቼ ደህና አደረ ብዬ ነበር። ደህና ያደረው አምፖሉ ነው።

ደወልኩለት፣ አልተነሳም። ለሊዳ ደወልኩ። አምቡላንስ እጠራለሁ፣ ግን መንገዱ በትናንቱ በረዶ ስለተዘጋ ጠራጊው መኪና እስኪቀድም ይቆያል፣ አንቺ ከቤት እንዳትወጪ አለችኝ። የፔትሮን ካፖርት ደርቤ ስወጣ በረዶው ወፍሮ ነበር። የአጥሩን ሽቦ በጓንቴ ጨብጬ ሄድኩ። ሽቦው ካለቀ በኋላ ያለውን ሜዳ የተሻገርኩት የዋሲልን መብራት እያየሁ ነው። ሐሰት አልናገርም፤ የድሮው አምፖል ቢሆን ኖሮ በዚያ በረዶ ውስጥ አይታየኝም ነበር። ይህንንም መዝገብህ ላይ ጻፈው።

ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ አገኘሁት። ማክሰኞ ድንች ሊያወጣ ሲወርድ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል። በብርድ ያልሞተው ማሞቂያው አጠገብ ስለነበር ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት፣ ካፖርቱን አለበስኩት፣ እጁን ይዤ ቁጭ አልኩ።

እዚያ ምድር ቤት ጣሪያው ሥር ትንሽ መስኮት አለች። እሷን አሳየኝና እንዲህ አለኝ፦ «የመብራቴ ብርሃን በረዶው ላይ ሲያርፍ በዚያች ይታየኛል። ረቡዕ ጠዋት እንዳይጠፋ ጸለይኩ። ካልጠፋ ቴክላ ትመጣለች አልኩ። ጠፋ።»

አንድ ማንኪያ ውሃ ውጦ ደግሞ «ሐሙስም ጠፋ» አለኝ።

እኔና ዋሲል ስለዚህ ነገር የተነጋገርነው ይህን ብቻ ነው።

አምቡላንሱ ከጠራጊው ኋላ ኋላ ሲመጣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። ሆስፒታል አሥራ ሰባት ቀን ተኛ። በኋላ ሳንባው ታመመና በፌብሩዋሪ ዘጠኝ አረፈ። በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አየው ነበር። ልጁ ሶንያ ከዊኒፔግ መጥታ ቀበረችው፤ ቧንቧው እንዳይፈነዳ መብራቱንና ማሞቂያውን ሳትዘጋ ቁልፉን ለእኔ ሰጥታኝ ተመለሰች።

አልወቅስህም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ የቀደድኩትም እሱን ነው። እወቅስሃለሁ። ራሴን ደግሞ ከአንተ አብልጬ እወቅሳለሁ፤ ፕላስተሩን የለጠፈው የእኔ እጅ ነው።

ቤቱ አሁን ባዶ ነው። በየምሽቱ ግን ከማዶ ይበራል፣ በየጠዋቱ ይጠፋል። እኔም ሳላስበው መስኮቱ ጋ ቆሜ አገኛለሁ ራሴን። ሃያ ዓመት ይሠራል ብለኸኝ ነበር።

አክስትህ ቴክላ


ፊኒክስ፣ አሪዞና
ማርች 8 ቀን 2014

አክስቴ፣

አንቺ ማለቴን ይቅር በይኝ። እርስዎ ብዬ ጀምሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ደብዳቤሽን መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አነበብኩት፤ ከዚያ ሥራ አልገባሁም። አራት ሺህ አምፖል ሳወጣ ምን ያህል ዋት እንደሚበላ ጠየቅኩ፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቅኩ፣ ዋጋውን ጠየቅኩ። ከማብራት ሌላ ምን ይሠራ እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቅኩም። የፓምፕ ቤቷን ስትነግሪኝ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ባለቤቴ ሳቀች ብዬ ጻፍኩልሽ። ዋሲል አንድ ክረምት የበረዶ መንሸራተቻዬን ብረት እንደሳለልኝ ትዝ አለኝ። ሳል እያጣደፈው ነበር የሠራው። ደብዳቤ ጽፌ አላመሰገንኩትም።

የዋሲልን መብራት ማጥፋት ቀላል ነው። ፕላስተሩን አንሺና ማብሪያውን ተጫኚው፣ በቃ።

ሌላውን ግን ልለምንሽ። አሁን ከማዶ ማንም የለም። ማን ያይሻል? ለጥያቄዬ መልስ የነበረው ሰው ሞቷል፤ የእኔም እጅ አለበት። ሁለተኛ ላደርገው አልችልም። ቦታውን አረጋግጫለሁ፣ ኤፕሪል አንድ ዝግጁ ነው። ትኬት ቆርጫለሁ፣ ማርች ሠላሳ ዊኒፔግ እገባለሁ፣ መኪና ይዤ እመጣለሁ። እባክሽ ዕቃሽን አዘጋጂ።

ልጅሽ
ኦረስት


ኤተልበርት
ማርች 17 ቀን 2014

ለልጄ ለኦረስት፣

እግዚአብሔር ሰላሙን ያብዛልህ። አንቺ ብለህ ጻፍክልኝ። ትምህርት ቤት ገብተህ ሰው መሆን ከጀመርክ ወዲህ እርስዎ ብቻ ነበርኩ። ይህን ደብዳቤ ከሌሎቹ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት ቁልፉን ይዤ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ቀላል ነው ያልከው ቀላል አልነበረም። ፕላስተሩ በአንድ ጥግ ተልጦ ነበር። በጥፍር የተነካ ይመስላል። ሊያነሳው ጀምሮ ተወው ይሆን፣ እኔ ስለጥፈው በደንብ ስላልያዘ ይሆን፣ አላውቅም። አንስቼው ማብሪያውን ተጫንኩ። ቤቴ ተመልሼ ሲመሽ በመስኮቴ አየሁ፤ ከማዶ ጨለማ ነበር። አለቀስኩ። እስካሁን አላለቀስኩም ነበር፣ ለካ ያ መብራት ነው የከለከለኝ።

ከዚያ የራሴንም ፕላስተር አነሳሁ። ያንተን ባለ ዓይን አምፖል የፖስታ ቤቷ ሊዳ ባል አውርዶ ከካልሲዎቼ መሃል ካሉት አንዷን መቶ ዋት ሰቀለልኝ። የቤት ውስጦቹ አልተነኩም። ጋዜጣዬን አነብባቸዋለሁ፣ እነሱ ላይ ቂም የለኝም። ድመቷ ግን አልታረቀችህም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ትኬትህን አትመልስ፣ ና። ስትመጣ ግን የፓምፕ ቤቷን በር ትጠግናለህ እንጂ ሻንጣ አትሸከምም። የዶፊኑን ቦታ ለቸገረው ይስጡት።

ማን ያይሻል ነው ያልከኝ። በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የግቢዬን መብራት በእጄ አጠፋለሁ። ያጠፋሁትን የሚያይ ስለሌለ፣ እንዳጠፋሁ ለአንተ እደውላለሁ። አዎ፣ በስልክ። አንዴ ጮኾ ይቆማል። እንዳታነሳው፤ ካነሳኸው ወሬ እንጀምራለን፣ ወሬ ከጀመርን ደግሞ እንተፋፈራለን። እናንተ ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆናችሁ ያንተ ሰዓት ገና ንጋት አሥራ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስድህ አውቃለሁ። ጥቅሙንና ወጪውን ማስላት ትወድ የለ፣ ወጪው ይኸው ነው። በሚቀጥለው ሰኞ እጀምራለሁ።

አንድ ጠዋት ስልክህ ዝም ካለ ለሊዳ ደውል። ቁጥሯን ከጀርባው ጽፌልሃለሁ። ያን ዕለት ደብዳቤ አትጻፍልኝ።

አክስትሽ ልል ነበር፤ አንቺ እያልክ አንተው አሳሳትከኝ።

አክስትህ
ቴክላ